ዴይተን ተቀናቃኙን ለምን ጠራው?

እስቲ ሁላችሁም ጠጋ በሉ። ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም። ነገሩ ስለ ሞል ነው። ሞል ስንገባ ዓይናችን የሚያየው ሱቅ፣ ደረጃና መብራት ነው። ከዚያ ሁሉ ጀርባ ግን አንድ ብልሃት አለ። ብልሃቱን አንዴ ከያዛችሁት በኋላ የትም ሞል ብትገቡ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

መነሻው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ከሚኒያፖሊስ ከተማ ወጣ ብላ ኢዳይና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1956 እዚያ ሳውዝዴል የሚባል የገበያ ማዕከል ተከፈተ። 72 ሱቆች ነበሩት፣ ማቆሚያው 5,200 መኪና ይይዝ ነበር፣ የፈጀውም 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። ውጭ በረዶ ቢጥል ፀሐይ ቢያቃጥል ውስጡ የማይለወጥ፣ ሙሉ በሙሉ በጣሪያ ሥር ያለ የከተማ ዳር ሞል ሲሠራ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለችውን አሜሪካ አስቧት። ቤተሰቡ መኪና እየገዛ፣ ግቢ ያለው ቤት እየሠራ ከመሀል ከተማ ይወጣል። የዴይተን ቤተሰብ ደግሞ ሚኒያፖሊስ መሀል ላይ ከልብስ እስከ ቤት ዕቃ ሁሉን የሚሸጥ ትልቅ መደብር አለው። ደንበኛው ወደ ዳር ሲሄድበት እሱም ሊከተለው ቆረጠና 463 ኤከር፣ ማለትም 187 ሄክታር ገደማ መሬት ገዛ። ለአንድ መደብር ይህን ያህል መሬት ምን ያደርግለታል? ቆዩኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሥራውን የነደፈው ቪክቶር ግሩን ነው። በ1903 ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ አገሩን ጥሎ አሜሪካ ገባ። ያደገው ሰው በእግሩ በሚንሸራሸርበትና ቡና ቤት ተቀምጦ በሚጫወትበት ከተማ ነው። የአሜሪካን ዳር ሰፈሮች ሲያይ ቤቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቦታ ግን የለም። ይህን ጉድለት በገበያ ማዕከል እሞላለሁ ብሎ ተነሣ። እኔ ይህን ሰውዬ የወደድኩት ከዚህ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንሂድ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የዚያ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ግሩን ሲያሰላው በሚኒሶታ ወጣ ብሎ ለመገበያየት የሚመቸው ቀን በዓመት 126 ብቻ ሆነ። ከ365 ቀን 126! በቀረው ጊዜ ወይ በረዶ ነው፣ ወይ ዝናብ፣ ወይ ሙቀት። ስለዚህ ጎዳናውን ራሱን ጣሪያ እናልብሰው አለ። ጣሊያን አገር፣ ሚላን ውስጥ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስታወት የለበሰ የገበያ ጎዳና አለ፤ ግሩን ሐሳቡን ሲያስረዳ ያንን ይጠቅስ ነበር።

ጣሪያው ወጪ ይጨምራል ትሉ ይሆናል። ስሙኝማ! ሱቆች ሜዳ ላይ ተበታትነው ሲሠሩ እያንዳንዱ የራሱ ማሞቂያ፣ ብርድ የሚችል ግድግዳ፣ ጠንካራ በርና መስኮት ያስፈልገዋል። ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ ግን አንድ ማሞቂያ ለሁሉም ይበቃል። የሱቁ ፊት ከብርድ ጋር መታገሉ ይቀራል፤ እንዲያውም በር የሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ መዋል ይችላል። ሱቆቹ ስለሚቀራረቡም መሬት ይተርፋል። በጣሪያው የወጣው ገንዘብ በዚህ ሁሉ ይካካሳል። አይገርምም?

ጣሪያው ሲመጣ ሕንፃው ፊቱን አዞረ። ድሮ ሱቅ መስኮቱን አሳምሮ አላፊ አግዳሚውን የሚጠራው ከመንገድ ዳር ነበር። ሳውዝዴል ለመንገዱ ጀርባውን ሰጠው። በውጭ ብትዞሩት ያለው ግድግዳ ነው፤ ድምቀቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል። በመካከሉ ከላይ ብርሃን የሚገባበት ሰፊ አደባባይ አለ። ሲከፈት የዓሣ ኩሬ፣ ከሰገነቱ የተንጠለጠሉ አትክልቶች፣ ከስድስት ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው የወፎች ጎጆና ቡና የሚጠጣበት ቦታ ነበረው። ከደጅ በረዶ እየረገጣችሁ መጥታችሁ፣ ካፖርታችሁን አውልቃችሁ በቀለማት ያሸበረቁ ወፎች ሲንጫጩ ስትሰሙ ይታያችሁ! ግሩን ቪየናን እዚያ ሊተክል ፈልጎ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ገና አልመጣም። ዴይተን በገዛ መሬቱ፣ በገዛ ገንዘቡ ሞል ሠርቶ ሲያበቃ ከተማ ውስጥ ሲፎካከረው የኖረውን ዶናልድሰን የተባለ ትልቅ መደብር ጠርቶ እዚያው አስገባው። አዎ፣ ተቀናቃኙን! ተመሳሳይ ልብስ፣ ተመሳሳይ ሳህን የሚሸጥ ሰው ቤትህ ጠርተህ ቦታ ትሰጠዋለህ? እዚህ ላይ ነው ራሴን ይዤ የተቀመጥኩት።

መልሱን ለማግኘት ግሩን ከዚያ በፊት የሠራውን ማየት ይጠቅማል። በ1954 ዲትሮይት አጠገብ ኖርዝላንድ የሚባል፣ ጣሪያ የሌለው የገበያ ማዕከል ሠርቶ ነበር። እዚያ ትልቁ መደብር አንድ፣ እሱም ሃድሰን ነው። መሀል ላይ ተቀመጠ፤ ትንንሾቹ ሱቆች ዙሪያውን ከበቡት። ሰው መኪናውን ዳር አቁሞ ወደ ሃድሰን ሲሄድ በትንንሾቹ መካከል ያልፋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ትልቁ መደብር ሁለት ቢሆንና አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቢቀመጥስ?

ታክሲ ተራና ገበያ አስቡ። ተራው በአንድ ወገን፣ ገበያው በሌላ ወገን ነው። ከታክሲ የወረደው ሁሉ ወደ ገበያው፣ የገበየው ሁሉ ወደ ታክሲው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ዳር ማን አለ? በቆሎ ጠባሹ፣ ካልሲ ሻጩ፣ ሎተሪ አዟሪው! ካልሲ ልግዛ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው የለም፤ ካልሲው ግን ይሸጣል። ካልሲ ሻጩን የሚያኖረው ከሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው እግር ነው። ገበያው ከታክሲው ተራ ጋር ቢጣበቅ በማግሥቱ ከሥራ ውጭ ነው።

ገባችሁ? ዴይተን ዶናልድሰንን የጠራው ለዚህ ነው! የሁለቱን መደብር ዋጋ ማመሳከር የምትፈልግ ሴት ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ስትሄድም በጫማው ሱቅ፣ በከረሜላው ሱቅ፣ በመጻሕፍቱ ሱቅ ፊት ታልፋለች። ተቀናቃኙ ከዴይተን ጥቂት ደንበኛ ቢወስድበትም በዚያ መንገድ ላይ ያለውን ሱቅ ሁሉ ሕይወት ይዘራበታል። እነዚያ ሱቆች ደግሞ ኪራይ የሚከፍሉት ለማን ሆነና? ለዴይተን!

ይህ ሲገባችሁ የሞል ኪራይም ይፈታላችኋል። አሜሪካ ውስጥ ጫፍ ላይ ያለው ትልቅ መደብር በካሬ ሜትር የሚከፍለው በጣም ትንሽ ነው። ጥግ የያዘችው የጌጣጌጥ ሱቅ ግን ለእያንዳንዱ ካሬ ብዙ እጥፍ ትከፍላለች፤ ብዙ ጊዜም ሽያጯ ከተወሰነ በላይ ሲሄድ ከሽያጩ መቶኛ ትጨምራለች። መጀመሪያ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል። ነገር ግን ትልቁ ሰውን ከቤቱ ጠርቶ ያመጣል፣ ትንሿ የመጣውን ሰው ትጠቀማለች። ኪራይዋ ውስጥ የዚያ የሚያልፍ እግር ዋጋ አለበት።

ግሩን ጠንቃቃነቱ ደስ ይላል። ሞል ሁለት ፎቅ ሲሆን ሰው መውጣት ስለሚሰለቸው የላይኛው ፎቅ ሱቅ ይከስራል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አስገባ፤ በዚያ ሳያበቃም የመኪና ማቆሚያውን ራሱን ሁለት ደረጃ አደረገው። ከፍ ያለው ላይ ያቆመ ሰው በቀጥታ ላይኛው ፎቅ ይገባል፣ ዝቅ ያለው ላይ ያቆመ ታችኛው። ሁለቱም ፎቅ ምድር ቤት ሆነ ማለት ነው። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

ያ ሁሉ መሬት ምን ያደርጋል ላልኩት ደግሞ መልሱ ይኸው፦ ሞል ሲመጣ አካባቢው ይወደዳል፤ ዙሪያውን ቀድሞ የገዛ ሰው ትርፉ የራሱ ነው። ግሩን በዚያ መሬት ላይ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻና ሐይቅ ያለው ሙሉ ሰፈር አስቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞል በአሜሪካ እንደ እንጉዳይ ፈላ። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ረድቶታል። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን የግብር ሕጉ ነው። ሕንፃ ያረጃል ተብሎ በየዓመቱ ከዋጋው ጥቂት ከትርፍ ላይ ይቀነሳል፣ ግብር የሚከፈለው በቀረው ነው። 40 ዓመት ያገለግላል የተባለ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሕንፃ በእኩል ሲከፋፈል በዓመት 25,000 ዶላር ይቀነስለታል። በ1954 የወጣው ሕግ ግን አዲስ የሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ እንዲቀንስ ፈቀደ፤ ለዚያው ሕንፃ በመጀመሪያው ዓመት 50,000 ይሆናል። ሞሉ ገንዘብ እያስገባ በወረቀት ላይ ግን የከሰረ ሊመስል ይችላል። ባለ ገንዘቡ መሀል ከተማ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ከማደስ ዳር ወጥቶ አዲስ ቢሠራ ምን ይገርማል?

ግሩን በዚህ አዝኗል። የተቀዳው ትርፍ ማግኛው ብልሃት ነው፣ ትምህርት ቤቱና ሐይቁ ቀረ። ታላቁ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ሳውዝዴልን ጎብኝቶ አደባባዩ የመንደር ጎዳና ክፋቱን ይዞ ውበቱን ጥሏል ብሎ ነቅፎታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በዚያ ብርድ አገር ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ሙቅ ቦታ መሥራት ትልቅ ደግነት ነው። ግሩን ግን በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ፣ በ1978 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር የሞል አባት መባልን አልቀበልም አለ፣ በ1980 ዐረፈ። የሚያሳዝነው፣ ከመሞቱ በፊት በ1976 እዚያው ቪየና ደጃፍ ላይ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ተከፍቶ አየ።

ሳውዝዴል ዛሬም አለ። በ1992 እዚያው አካባቢ ብሉሚንግተን ላይ ግዙፉ ሞል ኦፍ አሜሪካ ተከፍቶ ገበያውን ተሻማው። ዴይተን ራሱ በ1962 ታርጌት የሚባለውን ርካሽ መደብር ጀምሮ ነበር፤ ታርጌት አባቱን በልጦ አደገ፣ የዴይተን ስም ከሳውዝዴል ወረደ። በ1972 የተጨመረው የጄሲ ፔኒ መደብርም ተዘግቶ በ2019 በቦታው ትልቅ የስፖርት ማዕከል ተከፈተ። ይህን ስሰማ እንደገና ደስ አለኝ፣ ያው ብልሃት ነውና! ጫማ ዛሬ በስልክ ታዝዞ ቤት ይመጣል፤ ዋና ለመዋኘት ግን ሰው ከቤቱ መውጣት አለበት፣ ጫፉን የሚይዘውም ሰውን ከቤቱ የሚያወጣው ነገር ነው።

እኛ አገር ሞል ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ስለሚያድግ ጫፎቹ ታችና ላይ ናቸው። ሱፐርማርኬቱ ምድር ላይ፣ ሲኒማው አናቱ ላይ ከሆነ በመካከል ያሉትን ፎቆች ሁሉ ማን እንደሚያልፍባቸው አስቡ። ቅዳሜ የምትሄዱ ካላችሁ ቆጠር ቆጠር አድርጋችሁ ንገሩኝ፦ ላይና ታች ያለው ምንድን ነው፣ በመካከሉስ ምን ይሸጣል?