ፊደልና ቁጥሩ

ኮምፒውተርም ሆነ የእጅ ስልክ የፊደልን ቅርጽ አያውቅም፤ የሚያስቀምጠውና የሚያስተላልፈው ቁጥርን ብቻ ነው። አንድ ሰው ወላይታ ሶዶ ተቀምጦ በስልኩ «ወላይታ» ብሎ ቢጽፍ፣ ስልኩ የሚይዘው 4808፣ 4619፣ 4845 እና 4723 የሚባሉትን አራት ቁጥሮች ነው። የተቀባዩ ስልክ ቁጥሮቹን መልሶ ወደ ቅርጽ ይለውጣቸዋል። ይህም የሚሆነው ሁለቱ ስልኮች በአንድ ሠንጠረዥ ሲጠቀሙ ነው። ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ዩኒኮድ ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል የገባበትም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያዎች የየራሳቸው ቁጥር ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

የፊደላችን አቀማመጥ ሥርዓት አለው። «ሀ» 4608 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለ ተመደበለት «ለ» 4616 ይሆናል። ራብዑን «ላ»ን ለማግኘት በግዕዙ ላይ 3 መደመር ይበቃል፤ 4619። ስምንተኛው ቦታ ብዙውን ጊዜ እንደ «ሏ» ላሉት ዲቃላዎች የተተወ ነው።

ከ«ሀ» አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ብንመለስ ግን የምናገኘው የኮሪያን ሆሄ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ጎረቤታችን ኮሪያ ናትና። ሃንጉል የሚባለው የኮሪያ ፊደል በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን በ1443 እ.ኤ.አ. ተዘጋጅቶ በ1446 ለሕዝብ ይፋ የሆነ ነው። ተነባቢውና አናባቢው ለየራሳቸው ሆሄ አላቸው፤ ሲጻፉ ግን የአንድ ክፍለ ቃል ሆሄያት ተሰብስበው እንደ አንድ ፊደል ይቀመጣሉ። እንግዲህ ቁጥር የሚሰጠው ለሆሄው ነው ወይስ ለክፍለ ቃሉ? ለሁለቱም ተሰጠ። መነሻ ተነባቢዎቹ 19፣ አናባቢዎቹ 21፣ መድረሻዎቹ 27 ናቸው፤ መድረሻ የሌለው ክፍለ ቃልም ስላለ 28 ብለን ብናባዛ 11,172 ክፍለ ቃላት ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ከ44032 ጀምሮ በተርታ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ «ሃን» የሚለው የኮሪያ ክፍለ ቃል 54620 ተብሎ በአንድ ቁጥር፣ ወይም 4370፣ 4449፣ 4523 ተብሎ በሦስት ሊጻፍ ይችላል። ዓይን አይለያቸውም። የዩኒኮድ ደንብም ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ስለ ደነገገ፣ ደንቡን የሚጠብቅ መፈለጊያ አንዱን ሲጠየቅ ሌላውንም ያገኛል። ለእኛ «ኃይል» እና «ሀይል» እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ አንባቢ አንድ ቃል ቢላቸውም ለመሣሪያው 4739 እና 4608 የተለያዩ ናቸው።

የወላይትኛ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። ቋንቋው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ወደ ላቲን ዞረ። ላቲን ደግሞ በጉሮሮ ታግዶ ለሚለቀቀው ድምፅ፣ «ሰአት» ስንል በመካከል ለሚሰማው ዓይነት፣ ሆሄ የለውም። አንዳንድ ጽሑፎች በዚህ ቦታ የ7ን ቁጥር፣ ሌሎቹ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስን ያገባሉ። «አሁን» የሚል ፍች ባለው የወላይትኛ ቃል ውስጥ ድምፁ ስለሚጠብቅ በሁለቱ አናባቢዎች መካከል 77 ተብሎ ይጻፋል።

ወላይትኛ አንባቢ በዚህ አይቸገርም። መሣሪያው ግን 7ን በ55 ይመዘግበውና ከአኃዝ ይቆጥረዋል፤ ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ በ39 ይመዘግበውና ከሥርዓተ ነጥብ ይደምረዋል። በትእምርተ ጥቅሱ ላይ ቃሉ ያለቀ መስሎት ለሁለት የሚሰብረው ፕሮግራም አይጠፋም። እንደ ኮሪያው ያለ የእኩልነት ደንብም ስለሌለ፣ በ7 የተጻፈውን መጽሐፍ በትእምርተ ጥቅስ የሚፈልግ ሰው ቃሉን አያገኘውም። በሠንጠረዡ 700ኛ ቁጥር ላይ የትእምርተ ጥቅስ መልክ ያለው፣ ነገር ግን ከፊደል ወገን የሚቆጠር ምልክት አለ። ለወላይትኛ ተስማሚው እርሱ ይመስላል፤ ሆኖም በተለመደው የላቲን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ስለማይገኝ ጸሐፊው እጁ የሚደርስበትን 7 ይጫናል።