ዘፈኑ እየተጫወተ ፎልደሩ ለምን አይከፈትም?

የቤት ሙዚቃ ሰርቨር ከራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። አንዳንዱ ሃርድ ዲስክ የተሰካበት ራዝቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ሌላው ከሥራ የተገለለ አሮጌ ዴስክቶፕ ይሆናል። ሥራው ከሲዲና ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖችን አጠራቅሞ ሳሎንም መኝታ ቤትም ላሉ ማጫወቻዎች ማደል ነው። አንድ ሙሉ ሲዲ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ2,000 በላይ አልበም ይችላል፤ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ስብስብ ማለት ነው።

ባለቤቶቹን የሚያስደነግጠው ችግር ታዲያ እንዲህ ይጀምራል። ዘፈኑ ከስፒከሩ ይሰማል፤ አዲስ አልበም ለመጨመር ኮምፒዩተር ሲከፈት ግን ሰርቨሩ ከኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዲስኩ ተበላሸ ብለው ሁሉንም አጥፍተው እንደ አዲስ ለመጫን የሚነሱ አሉ። አያስፈልግም።

ዘፈኑና ፎልደሩ የሚወጡት በተለያየ በር፣ ማለትም ፖርት ነው። ላይሪየን የተባለው ነፃ የሙዚቃ ፕሮግራም፣ ቀድሞ የሎጂቴክ የነበረው፣ የራሱን ገጽ የሚያሳየው በፖርት 9000 ነው። የጋራው ፎልደር ግን ኤስኤምቢ በሚባል የፋይል መጋሪያ ሥርዓት በፖርት 445 ያልፋል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል።

ኤስኤምቢ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ተወለደ፤ ማይክሮሶፍት አሳደገው። አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል በኔትወርኩ የሚተላለፈውን መረጃ አጥንቶ ይህንኑ ሥርዓት የሚናገር ሳምባ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ በሊኑክስ የሚሠሩ የቤት ሰርቨሮች ፎልደራቸውን ለዊንዶውስ የሚያጋሩት በአብዛኛው በሳምባ ነው።

ለውጡ የመጣው በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በመጀመሪያው የኤስኤምቢ እትም ቀዳዳ ገብቶ በ150 አገሮች አካባቢ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት መጸው የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የኤስኤምቢን እትም አንድ አዲስ ሲጫን ማካተት ተወ፤ ሳምባም በ2019 በነባሪ ዘጋው። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ እትም ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግዳነት መግባትን ከለከለ። አሮጌው ሰርቨር አንዳች ሳይሆን፣ ኮምፒዩተሩ አፕዴት በተደረገ ማግስት የጠፋ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር። በብሮውዘር የሰርቨሩን አይፒ ቁጥርና ፖርቱን ጽፎ የሙዚቃው ገጽ ከመጣ፣ ሰርቨሩም ኔትወርኩም ደኅና ናቸው። ቀጥሎ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞችን አስቀድሞ ያንኑ አይፒ መጻፍ ነው። በቁጥሩ ተከፍቶ በስሙ እምቢ ካለ፣ የጎደለው ስም መፈለጊያው ብቻ ነው፤ የድሮው የኔትወርክ ዝርዝር በእትም አንድ ላይ የቆመ ስለነበር አብሮ ሄዷል። ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ መስጠትና ፎልደሩን በዚያው ቁጥር እንደ ድራይቭ ማያያዝ ይበቃል።

የይለፍ ቃል ላይ የሚቆመው የበለጠ ያደክማል። ሳምባ የፓስወርድ መዝገቡን የሚይዘው ከሊኑክሱ ለይቶ ነው፤ አንድ ተጠቃሚ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ብቻ ሳምባ አያውቀውም፤ እዚያም ለብቻው መመዝገብ አለበት። ዊንዶውስም የድሮውን የተሳሳተ ፓስወርድ አስቀምጦ ደጋግሞ ሊልክ ስለሚችል፣ ከተቀመጡት የመግቢያ መረጃዎች ውስጥ ያንን ማጥፋት ያስፈልጋል። ፎልደሩ ተከፍቶ መጻፍ ከከለከለ ደግሞ ችግሩ የፋይሎቹ ባለቤትነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሲዲውን የገለበጠው ፕሮግራም በራሱ ስም አስቀምጧቸው ይገኛል።

የአባቱን ካሴቶች ገልብጦ ፎልደሮቹን በአማርኛ የሰየመ ሰው ፊደሉን ባይጠረጥር ይሻላል። ዛሬ ያሉት ሳምባና ዊንዶውስ የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ይቀባበላሉ።

ብዙዎች የሚመክሩት አቋራጭ እትም አንድን ዊንዶውስ ላይ መልሶ ማብራት ነው። ይሠራል፤ ግን ለአንድ የዘፈን ፎልደር ሲባል የቤቱን ኮምፒዩተር ለታወቀ አደጋ ማጋለጥ ነውና መደረግ የለበትም። ትክክለኛው መንገድ ሰርቨሩን ማደስ፣ ሳምባ ላይ ተጠቃሚና ፓስወርድ መፍጠር፣ በእንግዳነት መግባትን መተው ነው።

ሰርቨሩ አፕዴት የማይወጣለት ከሆነ ዘፈኖቹን ወደ አዲስ ማዛወር ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በሊኑክስ የተሰናዳን ዲስክ ነቅለው ዊንዶውስ ላይ ቢሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ሊያነበው አይችልም፤ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎም ይጠይቃል። ዘፈኖቹ እዚያው አሉና፣ እባክዎ እሺ አይበሉ፤ ሊኑክስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው ይገልብጧቸው።