እውነት ወይስ ተረት? «ቡሹ ቶሎ ያለቀው ፎርጅድ ቢሆን ነው»

አረርቲ ላይ አሮጌ ኮሮላ ከያዘ ሰው ጋር ቡና የጠጣ ሁሉ ይህን ወግ ሰምቷል። የመኪናው የፊት እግር ኳ ኳ ሲል ጋራዥ ገባ፣ ቡሽ ተቀየረ፣ መኪናው ዝም አለ። አራት ወር ሳይሞላው ኳኳታው ተመልሶ መጣ። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው፤ ኦርጅናል ድሮ ቀረ!» ይላል ባለመኪናው፤ ጎረቤቱም ራሱን ይነቀንቃል። ፎርጅድ ዕቃ መኖሩን እኔም አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ ቡሹን የሚገድለው የተገዛበት ሱቅ ሳይሆን መካኒኩ ብሎኑን ያጠበቀበት ሁኔታ ነው።

ሰው ቡሽን እንደ በር ማጠፊያ የሚሽከረከር ነገር አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። አንጋፋ መካኒኮች በጣሊያንኛው ቦኮላ የሚሉት ይህ ዕቃ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የውጩ ቱቦ ጎማውን ከሻሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ፣ ኮንትሮል አርም በሚባለው ውስጥ ተጠቅጥቆ ገብቷል። የውስጡን ደግሞ ብሎኑ ሻሲው ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል የሚሽከረከር ምንም ነገር የለም፤ ላስቲኩ ራሱ እንደታጠበ ነጠላ ተጠምዝዞ ይመለሳል።

አሁን ጋራዡን ያስቡት። መኪናው በክሪክ ተነስቷል፣ ጎማው ወልቋል፣ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መካኒኩ አዲሱን ቡሽ አስገብቶ ብሎኑን እዚያው ላይ ባለ በሌለ ጉልበቱ ያጠብቀዋል። ለላስቲኩ «ማረፊያህ ይህ ነው» ብሎ ፈረደበት ማለት ነው። መኪናው መሬት ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ላስቲኩም ይጠመዘዛል። ከዚያ በኋላ እረፍት የለውም፤ ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል። በዚህ ላይ ቤተሰብ ተጭኖ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲወረድ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሌላ ጥምዝ ይጨምርበታል። ላስቲኩ ከብረቱ ቢላቀቅ ምን ይገርማል?

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? ዕቃው ካርቶን አለው፣ ስም አለው፣ ሊወቀስ ይችላል፤ የአጠባበቁ ስህተት ግን ዓይን አይገባም። የመርካቶው ነጋዴ ሩቅ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ ነገም የምንፈልገው የሰፈር ልጅ ነው። ሩቅ ያለን ሰው መውቀስ ደግሞ ይቀላል። አስቂኙ ነገር፣ ባለመኪናው በሁለተኛው ዙር ውዱን ኦርጅናል ገዝቶ በዚያው አኳኋን ያስጠብቀዋል። ያም ሲያልቅ «ኦርጅናሉንም ፎርጅድ አድርገውታል» ይባላል።

«ኳ ካለ አሞርዛተር ነው» የሚለውም የዚሁ ተረት ዘመድ ነው። አሞርዛተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘይት ያነባል፤ የመኪናውን ጥግ ተጭነው ሲለቁትም ደጋግሞ ይዘላል። ቡሽ ከሆነ ግን ሌላ ምልክት አለው። ሜዳ ቦታ ላይ አንድ ሰው መሪው ላይ ያስቀምጡ፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያለ ፍሬን ይያዝ። እርስዎ ከጎን በኩል ራቅ ብለው ይቁሙና ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር እያስተያዩ ይመልከቱ። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ብቻውን ወደኋላ ወይም ወደፊት ሸርተት ካለ፣ አሞርዛተር መግዣውን ብር ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡ፣ ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ መበላቱም የቡሽ ወሬ ነጋሪዎች ናቸው። ቡሹ አልቆ አላይመንት ማሠራት ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው፤ የተስተካከለው ማዕዘን በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጠፋል።

«ግሪስ ወይም የተቃጠለ ዘይት ቀባ አድርግበት» የሚሉም አሉ። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጤፍ የሚያመላልሰው አይሱዙ የባሌስትራ ፒኑ ግሪስ ይጠጣል፤ እዚያ ትክክል ነው። በላስቲክ ቡሽ ላይ ግን ዘይት ጩኸቱን ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኝና ላስቲኩን እያሳበጠ ያልፈሰፍሰዋል።

መፍትሔው ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቅም። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ ጎማው መሐል ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ቡሹ ከገባ በኋላ ብሎኑ በእጅ ያህል ብቻ ይያዝ። ከዚያ መኪናው ጎማው ላይ ይውረድ፣ ትንሽ ይነቅነቅ፣ መጨረሻ ላይ ይጥበቅ። ሥር ለመግባት ጉድጓድ ከሌለ፣ መኪናው ካቫሌቶ በሚባለው መደገፊያ ላይ እንዳለ ሁለተኛ ክሪክ ከክንዱ ጫፍ ሥር ገብቶ የተለካው ርቀት እስኪመለስ ከፍ ይደረግ። ብዙ መካኒኮች ይህን የሚዘሉት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ከወረደ በኋላ ብሎኑ ጋ መድረስ ወገብ ይሰብራል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ያቺ አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት አብራን ትኖራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ሲገቡ ከቡሹ ማርክ በፊት ይህን ይበሉ፦ «ወንድሜ፣ መሬት አውርደህ አጥብቅልኝ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»