ትልቅ ኮምፕሬሰር ከመግዛት በፊት ቦታውን ማዘጋጀት

የጎማ ጥገና፣ የመኪና ቀለም ወይም የእንጨት ሥራ በግሉ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ትልቅ የአየር ኮምፕሬሰር ከባድ ወጪ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ዕቃውን እንገዛለን፤ ጋራዡ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መብራቱ አይችለውም፣ ወለሉም አይመችም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ወለሉ፣ ከዚያ ግዢው።

ኤሌክትሪክ

3 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ሲሠራ 14 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአጭር ጊዜ የዚህን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ተራ የቤት ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ስለሆነ ለኮምፕሬሰሩ ብቻ የሚሆን መስመር መዘርጋት ይሻላል። በረጅም ማራዘሚያ ገመድ ማስነሣት ገመዱን ያግላል፣ ሞተሩንም ይጎዳል።

ከዚህ የሚበልጡት ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው። የቤታችሁ መብራት 1×25 ወይም 1×40 ከሆነ ያላችሁ አንድ ፌዝ ብቻ ነው። ወደ 3×25 ለማሳደግ ለኤሌክትሪክ ኩባንያው ማመልከትና መክፈል ያስፈልጋል። በ1954 የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ይህን ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ነው፤ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ወለልና ቦታ

ኮምፕሬሰሩ የመጣበት የእንጨት መደብ ለማጓጓዣ ብቻ ነው። በእሱ ላይ እንዳለ ከሠራ ይንቀጠቀጣል፣ የቆመ ታንክ ከሆነም ሊወድቅ ይችላል። በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት፤ ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ላስቲክ አድርጉና በብሎን እሰሩት። ብሎኑን ግን ከልክ በላይ አታጥብቁት፤ እግሩ ከታንኩ ጋር የተበየደበት ቦታ ይሰነጠቃል። አየር እንዲያገኝና ለጥገና እንዲመች ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። ከታንኩ ወደ ግድግዳው ቧንቧ በሚታጠፍ ቱቦ አገናኙ። የውኃ ፕላስቲክ ቧንቧ ለአየር አትጠቀሙ፤ ሲፈነዳ ስብርባሪው ሰው ያቆስላል።

ግዢ

ያድ ሽኒያ የምትገዙ ከሆነ በታንኩ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። የተሠራበት ዓመት፣ የሚይዘው ሊትርና የሚችለው ግፊት የሚጻፈው እዚያ ነው። ሰሌዳ የሌለውን፣ የዛገውን ወይም ታንኩ የተበየደውን በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። በ10 ባር በተሞላ 300 ሊትር ታንክ ውስጥ ከ3,000 ሊትር በላይ አየር ታፍኗል፤ ብረቱ ቢቀደድ አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል።

አዲስ ዕቃ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከነጋዴ የገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። የዖሌ መታወቂያ ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው ከገዙ፣ 4 ወር አላቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ዘይቱን በመስታወቱ ተመልከቱ። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ሞተሩ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩን አረጋግጡ፤ በተቃራኒው ከዞረ አጥፉትና ሐሽማላዩ ሁለት ሽቦ ያቀያይር። ከዚያ ታንኩ ሳይሞላ፣ አየሩ እየወጣ፣ መመሪያው በሚያዘው ደቂቃ ልክ ይሥራ።

አየር ሲጨመቅ ውኃ ይፈጥራል፤ ውኃው ታንኩን ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ በሠራችሁበት ቀን ሁሉ ማታ ከታች ያለውን መክፈቻ ከፍታችሁ አፍስሱ። የደኅንነት ቫልቩ አየር ቢያስወጣ ግፊት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ እንጂ ቫልቩን አትድፈኑ፣ አታጥብቁትም።

ሥራ ሲሆን

በሥራ ቦታ ያለ የአየር ታንክ ቢያንስ በየ26 ወሩ ቦዴቅ ሙስማኽ በሚባለው መርማሪ መታየት እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ገንዘብ እየተቀበሉ መኪና መጠገንም የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። በመኖሪያ ሰፈር ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ፣ ድምፅ የሚከለከልበትም ሰዓት የትኛው እንደሆነ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ኢሪያውን ጠይቁ።