ከ36 ወር ወደ 4 ወር

ስለ አሜሪካ የስደት ፖሊሲ ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ ቁጥር ላይ ያርፋል። ዘንድሮ ስንት ሰው ይገባል? የየትኛው አገር ሰው ታገደ? ዲቪ አለ ወይስ ቀረ? የገባውን ሰው መንግሥት ለስንት ጊዜ ይደግፈዋል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። የሚገባው ሰው ቁጥር በየዘመኑ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ የድጋፉ ዕድሜ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ረዝሞ፣ ከዚያ ውጭ በተቀየረ ቁጥር አጥሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው በማርች 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካ ሃንጋሪዎችን፣ ኩባውያንን፣ ቬትናማውያንን ስትቀበል ለየቀውሱ የተለየ መላ ታበጅ ነበር። አዲሱ ሕግ ቋሚ አሠራር ዘረጋ፦ ፕሬዚዳንቱ ከኮንግረስ ጋር ተማክሮ የዓመቱን ጣሪያ ይወስናል፤ አዲስ የተቋቋመው የስደተኞች ማቋቋሚያ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለገቡት ሰዎች የገንዘብና የሕክምና ድጋፍ እስከ 36 ወር ይሸፍናል። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ገብተው የነበሩ፣ ገዳሪፍና ካርቱም ላይ ፎርም ሲሞሉ የከረሙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሕግ በብዛት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን መካከል ናቸው።

36 ወሩ ብዙ አልቆየም። በ1982 ወደ 18 ወረደ፤ በ1988 ወደ 12፤ በ1991 ወደ 8። ስደተኛው ቶሎ ራሱን እንደሚችል በጥናት ስለተረጋገጠ አልነበረም። ገንዘቡ በየዓመቱ የሚመደብ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ በጀቱ ለሁሉም እንዲዳረስ የእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ተቆረጠ። ደንቡ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በእጁ ያለውን በጀት አይቶ ወሩን እንዲወስን ይፈቅድለታል። ስለዚህ ይህን ያህል ከባድ ነገር ኮንግረስ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ በአንድ ማስታወቂያ ይለወጣል። 8 ወሩ 30 ዓመት ጸንቶ በባይደን ዘመን ወደ 12 ከፍ አለ፤ በሜይ 2025 ደግሞ ወደ 4 ወር ወረደ።

4 ወር ምን ያህል ነው? ቤተሰቡ ሲያርፍ ኬዝ ወርከር ኤርፖርት ይቀበለዋል። ቤት ተከራይቶ፣ ፍራሽና ድስቱ ገብቶ ይጠብቃል፤ ደንቡ በገቡበት ቀን የለመዱት ዓይነት ምግብ ተዘጋጅቶ እንዲቆያቸው ሳይቀር ያዛል። ከዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የጤና ምርመራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የእንግሊዝኛ ክፍል ይከተላል። ይህ የመጀመሪያ አቀባበል በ90 ቀናት ውስጥ ያልቃል። ለዚህ የሚመደበው ገንዘብ በ2010 እስኪሻሻል ድረስ በነፍስ ወከፍ 900 ዶላር ብቻ ነበር፤ ያን ዓመት 1,800 ሆነ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬቱ ስጦታ አለመሆኑን ነው። ስደተኛው ከመሳፈሩ በፊት የሚፈርምበት፣ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ክፍያው የሚጀምረው ከገባ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ነው። እንግዲህ የወር ድጎማው በ4ኛው ወር ይቆማል፣ የቲኬቱ ዕዳ በ6ኛው ይመጣል።

ርዳታ ሲረዝም ሰው ይሰንፋል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በእርግጥ ገንዘቡ ሲያልቅ ሰው ሥራ ይይዛል። ግን የትኛውን ሥራ? አገሯ ላይ ነርስ የነበረች ሴት በሙያዋ ለመሥራት ዲግሪዋን ማስገምገም፣ እንግሊዝኛዋን ማሻሻል፣ ፈተና ወስዳ ፈቃድ ማውጣት አለባት። የቤት ኪራዩ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅላትም። ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች ወይም ፓርኪንግ ትገባለች፤ ፈቃዱ ለከርሞ ይባላል፣ ከርሞም ሌላ ከርሞ ይወልዳል። በመንግሥት ሪፖርት እሷ ራሷን ችላለች። በዋሽንግተን ዙሪያ የኖረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ታሪክ አያጣም።

ድጋፉ ደግሞ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ አለው፤ ነገር ግን በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከአብዛኛው የፌዴራል ድጎማ ለ5 ዓመት ይገለላል፤ ያለው ስፖንሰሩና ዘመዱ ነው። አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀ ሰው ሁኔታ ከሁሉም የባሰ ነው። ለዓመታት በጸናው ደንብ፣ ካመለከተ 150 ቀን ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ እንኳ መጠየቅ አይችልም። ድሮ ነፃ የነበረው የአሳይለም ማመልከቻም ከ2025 ጀምሮ 100 ዶላር ያስከፍላል። ኬዙ ከተፈቀደለት ግን እንደ ስደተኛ ይቆጠርና ያው የ4 ወር ድጎማ ይገባዋል፤ የሚቆጠርለትም ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ፣ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቆይተው ባሸነፉ ማግስት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ቀኑም ያልፋል።

በጁላይ 2025 የጸደቀው ትልቁ የበጀት ሕግ በዚህ ላይ ሌላ ቅነሳ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ስደተኛም ሆነ አሳይለም ያገኘ ሰው ፉድ ስታምፕ ለማግኘት ግሪን ካርድ አያስፈልገውም ነበር፤ ሕጉ ይህን መብት አነሳ። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ሜዲኬይድም እንዲሁ እንዲሆን ደንግጓል። ስደተኛ ደግሞ ለግሪን ካርድ የሚያመለክተው አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅነሳው የሚያርፈው ቋንቋውም መንገዱም ገና ባልተለመደበት በመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ከሁሉም የማይገባኝ ይኸኛው ነው።

አቀባበሉን በተግባር የሚያካሂዱት የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከአይሁድ ማኅበራት የተወለዱ ድርጅቶች ይበዛሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ በ1983 በቨርጂንያ አርሊንግተን የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ኮሙዩኒቲ ልማት ምክር ቤት ይገኛል። ለአገር ልጅ ተብሎ የተጀመረው ድርጅት ኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ከየትም የመጣ ስደተኛ የሚቀበል ሆኗል። የእነዚህ ድርጅቶች ገቢ በአመዛኙ በሚቀበሉት ሰው ልክ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ ጣሪያው ሲወርድ፣ በየከተማው ያለው ቢሮ ይዘጋል፤ ቋንቋ የሚችለውና አከራዮቹን የሚያውቀው ሠራተኛ ይበተናል። በ2021 የበጀት ዓመት የገቡት ስደተኞች 11,411 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 ከ100,000 አለፉ፤ በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራሙ ቆመ፤ የ2026 ጣሪያ 7,500 ሆነ፣ እሱም በአብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች።

እንዲህ ያለው መዋዠቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በፊት ታይቷል። በ2021 ካቡል በታሊባን እጅ በወደቀች ጊዜ ከ70,000 በላይ አፍጋኒስታናውያን ከስደተኞቹ ጣሪያ ውጭ በልዩ ፈቃድ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመጡ፣ ቢሮዎቹ ከአራት ዓመት ቅነሳ ገና አላገገሙም ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ቤት የሚፈልግላቸው ሰው እስኪቀጠር፣ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ሆቴል ውስጥ ለሳምንታት ቆዩ።