ነጩ ክር

ጥምቀት አልፎ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ በጎንደር፣ በቀሐ፣ የዐፄ ፋሲልን መዋኛ ቅጥር እየተከተሉ መዞር ደስ ይላል። ትልልቅ የዛፍ ሥሮች ግንቡን አቅፈው፣ በድንጋዮቹ መካከል ገብተው ወደ መሬት ወርደዋል። ጎብኚ ፎቶ ሳይነሣ የማያልፈው እዚያ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ጥያቄው ነው፤ ዛፍ ግንብ ላይ ምን በልቶ ያድጋል? ወፍ የጣለችው ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው የረገፈ ቅጠል፣ ጭራሮና አቧራ ነው። ያ በስብሶ እፍኝ የማይሞላ አፈር ይሆናል። ለመነሻ ይበቃል፤ ከዚያ ሥሩ ቁልቁል መንገዱን ይፈልጋል።

አፈር እንዲህ ድንጋይ ላይም ይፈጠራል፤ ዛሬ ግን በጎንደር ብዙው ግቢ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ለብሷል። ባለቤቱን «ጎመን ለምን አትተክልም?» ብትሉት «አፈር የታለና!» ይላችኋል። በዚያው ግቢ ጥግ ግን ከፈረሰ አጥር የወጣ ባሕር ዛፍ፣ የቆየ ጉቶ፣ የአሮጌ ጣራ ማገር ተከምሮ ይታያል። ለማገዶ አይሆንም፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ከዚያ ክምር ከሥር ያለውን አንዱን አውጥታችሁ በእጃችሁ ስበሩት። እንደ ስፖንጅ ቀላልና ልል ሆኗል፤ ላዩ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ሳለ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። በእንጨቱ መስመሮች መካከል ደግሞ ቀጭን ነጭ ክር ተዘርግቷል፤ ሽታው የእንጉዳይ ነው።

ያ ክር ምን እንደሆነ ለማወቅ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ትውልድ አስፈልጓል። በ1833 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀርመናዊው የደን ሊቅ ቴዎዶር ሃርቲግ በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ክሩን በማይክሮስኮፕ አየው። እንጨቱ ሲበሰብስ ራሱ ወደ ክርነት የሚለወጥ መሰለው። የዘመኑም እምነት ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ብስባሴ ይመጣል፣ ፈንገስ ከብስባሴው ይወለዳል።

ልጁ ሮበርት ሃርቲግ ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ክር እንደገና አነሣው። አባቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ክሩን ከእንጨቱ ውስጥ ተነሥቶ እስከ ውጭው እየተከተለ ሄደ። ክሩ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ከሚበቅለው ጠንካራ እንጉዳይ ጋር አንድ አካል ሆኖ አገኘው። እያንዳንዱ የፈንገስ ዓይነትም እንጨቱን በራሱ መንገድ እንደሚያበሰብስ ለየ። በ1874 እና በ1878 ባሳተማቸው መጻሕፍት ነገሩ ተገለበጠ፤ ፈንገሱ የብስባሴው ልጅ ሳይሆን አባቱ ሆነ። ለእኔ ከደን ሳይንስ ታሪክ ይህን የሚያህል ገጽ የለም።

የቀረው እንቆቅልሽ ፈንገሱ እንጨትን በምን ጥርስ ይበላል የሚለው ነበር። እንጨትን እንጨት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሊግኒን የሚባለው ማጠንከሪያ ነው፤ ከእንጨቱ ሩብ ገደማ የሚሆነው እሱ ነው፤ አብዛኛው ተሕዋስያን አይደፍረውም። በ1983 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ ባለው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ሚንግ ቲየንና ኬንት ከርክ ሊግኒንን የሚሰባብር ኢንዛይም ከአንድ ፈንገስ አገኙ። በዚያው ዓመት በኦሪገን ያለ ሌላ ቡድንም ለብቻው እዚያው ደረሰ።

እንግዲህ ያ የተናቀ ክምር በሥራ ላይ ያለ የአፈር ፋብሪካ ነው። ሲሚንቶ ላይም ይሠራል። ወፍራም ግንዶችን ጠርዝ አድርጎ በድንጋይ ማስደገፍ፤ ውኃው መውጫ እንዲያገኝ ከሥር ጠጠርና ጭራሮ ማንጠፍ፤ መካከሉን በበሰበሰው እንጨት መሙላት፤ ክፍተቱን በቅጠል፣ በጭድና በፍግ መጠቅጠቅ፤ በላዩ አንድ ስንዝር አፈር ማልበስ። ከጉልበት ዝቅ ያለ ከፍታ ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሽንኩርት ይበቃል። የኦስትሪያው ገበሬ ሴፕ ሆልዘር ከ1,100 ሜትር በላይ በሆነ ተራራማ እርሻው ግንድ በአፈር እየቀበረ በማልማት ታውቋል። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ውኃ ነው፤ እንጨቱ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። መደቡን ግን ከጭቃ ግድግዳ አርቁት፤ እርጥበቱ ቤቱን ይጎዳል፣ ምስጥም ይጠራል። ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ የአጥር እንጨት ደግሞ ለሚበላ ነገር መደብ ፈጽሞ አይሁን።

አንድ ነገር ግን ተካዩን ያስደነግጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ሊገረጣ ይችላል። እንጨት በካርቦን የጠገበ፣ በናይትሮጅን የተራበ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን በመቶዎች የሚቆጠር እጅ ካርቦን ይይዛል። የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ደግሞ የሚመቻቸው ከ25 እስከ 30 ለአንድ ሲሆን ነው። ስለዚህ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአጠገባቸው አፈር ይወስዳሉ፤ ጎመኑ ይራባል።

መድኃኒቱን የደባርቅና የዳባት ገበሬ ያውቀዋል፤ ባቄላ የነበረበት ማሳ ላይ ገብስ ያምራል። ምክንያቱን ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ሄልሪግል ከሄርማን ቪልፋርት ጋር ደርሶበት በ1886 በርሊን ላይ ተናገረ፤ በባቄላ ወገን ሥር ላይ ያሉት እባጮች ባክቴሪያ ይዘዋል፣ ናይትሮጅኑም የሚመጣው ከአየር ነው። ስለዚህ አዲስ መደብ ላይ በመጀመሪያው ክረምት ባቄላ ዝሩ፤ ከታጨደ በኋላ ሥሩን አትንቀሉት፣ እዚያው ይበስብስ። በደንብ የበሰለ ፍግም ጨምሩበት። ጎመኑ በሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።

ግቢያችሁ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ጥግ ላይ የበሰበሰ ግንድ ካለ፣ ለጠራጊ አትስጡት። ሰኔ ሳይገባ ደርድሩትና አፈር አልብሱት።