አፑ ሲበራ የግል መኪና ኢንሹራንስ የሚቆምበት ሰዓት

ዛሬ ከፖለቲካው ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብለን፣ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራቸውን ስለሚያበስሉበት ነገር እንነጋገራለን፤ ስለ መኪናና ስለ መኪና ኢንሹራንስ። እኔ የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ። ኢንሹራንስ ሸጬ ስለማድር የምናገረውን በዚያው ልክ መዝኑት፤ እናንተ ብዙ ሽፋን ስትገዙ እኔም የተሻለ ኮሚሽን አገኛለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ግን ከሁሉ በፊት የሚያስወጣችሁ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከቤቱ ወጣ። የኤርፖርት መንገደኛ የሚገኘው በዚያ ሰዓት መሆኑን ሹፌሮቻችን ያውቁታል። አፑን አብርቷል፣ ጥሪ ግን ገና አልደረሰውም። ስልኩን ቀና ብሎ ሲያይ መብራት ላይ የቆመ መኪና ከኋላ መታ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የእሱ መኪና ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ፤ በዚያ ላይ የባንክ ዕዳው ገና 14 ሺህ ዶላር ነበር። ጠዋት ደወለልኝና «ጋሼ፣ እኔ ፉል ከቨሬጅ አይደል ያለኝ?» አለኝ።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ሠራተኛ ስትደውልለት ካቀረበችለት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «አፑ በርቶ ነበር ወይ?» የሚል ነበር። ወንድማችን እውነቱን ተናገረ። ደግ አደረገ። አፑ መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ በኩባንያው ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ካሳ ለማግኘት ብሎ መዋሸት ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣለት፤ አንከፍልም ይላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ውሉን ስናዘጋጅ «መኪናውን ለምንድን ነው የምትጠቀምበት?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ለሥራ ነው» አለኝ። እኔ ወደ ሥራ ቦታ መመላለሻ ማለቱ መስሎኝ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። እሱ ግን ሥራው ራሱ መኪናው መሆኑን ነበር የነገረኝ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ያ ደብዳቤ አይመጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ «ለሥራ» የሚለኝን ሰው ሁሉ «የትኛው ሥራ?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ለመሆኑ ለምን አልከፈሉም? የግል መኪና ኢንሹራንስ ዋጋው የሚተመነው ሰውየው ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ልጅ ያደርሳል፣ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ተብሎ ነው። በክፍያ ሰው ማመላለስ ሲጀመር መኪናው በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ይውላል፤ አደጋ የመድረሱም ዕድል በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙዎቹ የግል ውሎች ውስጥ፣ መኪናው ለኪራይ አገልግሎት በዋለበት ሰዓት ለደረሰ አደጋ አንከፍልም የሚል አንቀጽ አለ። ምግብ ማድረስም በብዙ ውሎች እንደዚሁ ነው። ፒዛ እንጂ ሰው አላሳፈርኩም ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ለኡበርና ለሊፍት የሚሠራ ሰው ሰዓቱን በሦስት ከፍሎ ማየት አለበት። አፑ ሲጠፋ የሚሸፍነው የግል ኢንሹራንሱ ነው። ጥሪ ከተቀበለበት ጊዜ ጀምሮ ተሳፋሪውን አድርሶ እስኪያወርድ ድረስ የኩባንያው ኢንሹራንስ ይሠራል፤ በቨርጂኒያና በዲሲ ሕግ በዚህ ጊዜ ቢያንስ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን መኖር አለበት። ችግሩ ያለው በመካከል ነው። አፑ በርቶ፣ ጥሪ ሳይመጣ፣ ሹፌሩ እየዞረ ወይም ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት። ያኔ የሚኖረው ሽፋን ዝቅተኛ ነው፤ ለአንድ ተጎጂ እስከ 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎጂዎች ሁሉ እስከ 100 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 25 ሺህ ዶላር። ይህ ሁሉ ለሌላው ሰው የሚከፈል ነው። ለራሳችሁ መኪና በዚያ ሰዓት ከኩባንያው የሚመጣ ነገር የለም። ወንድማችንን የበላው ይኸው ሰዓት ነው። የመታው መኪና ተሠራለት፤ እሱ ግን የሌለ መኪና ዕዳ ይዞ ቀረ።

ተሳፋሪ ጭናችሁ አደጋ ቢደርስ እንኳ ኩባንያው መኪናችሁን የሚያሠራው እናንተ ራሳችሁ በግል ውላችሁ ላይ ለመኪናችሁ ሽፋን ከገዛችሁ ብቻ ነው። ከኪሳችሁ በቅድሚያ የምትከፍሉት ዲዳክቲብልም በአብዛኛው 2,500 ዶላር ነው። ይህን የማያውቅ ሹፌር በየቀኑ ያጋጥመኛል።

መፍትሔው ራይድሼር ኢንዶርስመንት የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው። በግል ውላችሁ ላይ የሚቀጠል ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች ይሸጡታል፣ የማይሸጡም አሉ። ኩባንያችሁ ከሌለው ያለውን ፈልጉ። ስትገዙም «አፑ በርቶ ጥሪ ስጠብቅ ለራሴ መኪና ትከፍላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ውል የሚሸፍነው ለሌላው ወገን የሚከፈለውን ብቻ ነውና።

«ፉል ከቨሬጅ» ስለሚባለው ነገር ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ይህ የገበያ ስም ነው እንጂ ውል ላይ የሚጻፍ ሽፋን አይደለም። ሀገር ቤት «ኮምፕረሄንሲቭ» ስንል ሦስተኛ ወገንንም የራስንም መኪና ያካተተ ሙሉ ኢንሹራንስ ማለታችን ነው። አሜሪካ ያው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። እዚህ ኮምፕረሄንሲቭ ማለት ስርቆት፣ እሳት፣ በረዶ፣ የወደቀ ዛፍ የመሳሰለው ብቻ ነው። ግጭት «ኮሊዥን» ተብሎ ለብቻው ይገዛል። በመጸው ወራት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ መንገድ ላይ አጋዘን ይበዛል፤ አጋዘኑን ከመታችሁት የሚከፍለው ኮምፕረሄንሲቭ ነው፣ አጋዘኑን ሸሽታችሁ ዛፍ ከመታችሁ ግን ኮሊዥን ነው። ስለዚህ መሪውን ከመጠምዘዝ በመስመራችሁ ሆናችሁ ፍሬን መያዝ ይሻላል። ለነፍስም የሚሻለው እሱ ነው።

ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛ ሽፋንም በየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ 50 ሺህ፣ 100 ሺህ እና 25 ሺህ አድርጋዋለች። ሜሪላንድ 30፣ 60 እና 15 ነው። ዲሲ 25፣ 50 እና 10 ነው። አሁን መንገዱን የሞላውን አዲስ መኪና ዋጋ አስቡት፤ 10 ሺህ ዶላር የት ያደርሳል? የተረፈውን ባለመኪናው ከእናንተ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ባህላችን ልምጣ። እኛ ሰው ስንነካ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ነው። ባናጠፋም እንላለን። ለጨዋነት ነው። በዚህ አካባቢ ግን ያ ቃል ዋጋ ያስከፍላል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአሜሪካ ጥቂት ቦታዎች ብቻ የቀረ አንድ የቆየ ሕግ ይከተላሉ። በአደጋው ላይ የእናንተ ጥፋት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ቢሆን፣ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ካጠፋው ሰው ካሳ ላታገኙ ትችላላችሁ። ዲሲ በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች አሻሽላዋለች፤ ለሹፌሮች ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ቀድማችሁ «ተጎድተሃል? ተጎድተሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ 911 ደውሉ። ለፖሊስ ያያችሁትንና የሆነውን በትክክል ተናገሩ፤ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ፍርድ ግን ራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። የፖሊሱ ደረት ላይ ያለችው ካሜራ ይቅርታችሁን እንደ ጨዋነት አትመዘግበውም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በተለይ ዲሲ ውስጥ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ብዙዎቹ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። «ገባኝ» ብላችሁ ያልገባችሁን ጥያቄ አትመልሱ፤ ድምፃችሁ ይቀረጻል።

መንገድ ላይ «ፖሊስ አንጥራ፣ እንስማማ» ብሎ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ መለያየትም አለ። ሽምግልናን እወዳለሁ። ነገር ግን የአንገት ሕመም የሚጀምረው በማግስቱ ነው።

ፍጥነትን በአጭሩ ልንካው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው። መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ በአፕ የሚሠራም ሰው ሥራውን ሊያጣበት ይችላል። ወረቀታቸው ያላለቀ ወገኖቻችን ደግሞ ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ሌላው በየካፌው የሚሰማው ምክር የዘመድን አድራሻ መጠቀም ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ፣ መኪናው ሜሪላንድ እያደረ፣ ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ የቨርጂኒያ አድራሻ መስጠት። በወር ጥቂት ዶላር ይተርፋል፣ እውነት ነው። አደጋ ሲደርስ ግን ኩባንያው መኪናው የት እንደሚያድር ያጣራል፤ ውሉን ከመሠረቱ ሊሰርዘው ይችላል። ሀገር ቤት ሆናችሁ የምትከታተሉንም ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ስለ ንብረቱና ስለ አጠቃቀሙ የሚያውቀውን በትክክል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የግል ብላችሁ ኢንሹራንስ የገባችሁበትን መኪና አዲስ አበባ ላይ በአፕ ሰው የምታመላልሱበት ከሆነ ኩባንያችሁ ዘንድ ሄዳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ከወኪላችሁ የምትጠብቁት አገልግሎት ምንድን ነው? ዋጋ መንገር ብቻ አይደለም፤ እሱን ኮምፒዩተርም ይነግራችኋል። ዴክላሬሽን ፔጅ የሚባለውን፣ ሽፋናችሁ በዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት አብሯችሁ ማንበብ አለበት። ያልገባችሁን በአማርኛ ያስረዳችሁ። ቤት ስትቀይሩ፣ ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ፣ አፕ ስትጀምሩ ደውሉለት። ቀድሞ ሲደወልለት የሚነጫነጭ ወኪል ከሆነ ለውጡት፤ እኔም ብሆን።

ያ ወንድማችን ዕዳውን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ መጋዘን እየሠራ ነው የከፈለው። ሌላ መኪና ሲገዛ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ፤ ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ወረቀቱን ከፊቴ አስቀመጠና አፑ ሲበራ የሚሸፍነው መስመር የትኛው እንደሆነ በጣቴ እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። ጮክ ብዬ እንዳነብለት ነገረኝ፤ አነበብኩለት። «አንዴ ድገመው» አለኝ።